ያገለገለ ኤሲ ሲሰጧችሁ፦ እሺ ከማለታችሁ በፊት

ድሬዳዋ ላይ ግንቦት ሲገባ የኤሲ ወሬ ይበዛል። አንዱ ቤቱን ለቆ አዲስ አበባ ሊገባ ነው፤ እዚያ ስለማያስፈልገው ለዘመድ ሊተወው ይፈልጋል። ሌላው ፔንሲዮኑን ሲያድስ የድሮዎቹን በአንድ ላይ ያወርዳል። ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልስ ጎረቤት ደግሞ ቦታ የያዘበትን ዊንዶው ኤሲ (መስኮት ላይ የሚገጠመውን) ርካሽ በሆነ ዋጋ ሊሰጥ ይፈልጋል። ሰጪው ብዙ ጊዜ ቅን ሰው ነው። «አቦ ውሰደው፣ እስከ ትናንት ድረስ ሲያቀዘቅዘኝ ነበር» ሲል እውነቱን ነው። ግን እሱ ጋ መሥራቱ እናንተ ጋ ለመሥራቱ ዋስትና አይሆንም። ፍሪጅ ከቤት ቤት ሲዛወር ሶኬቱ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይሰካል፣ አለቀ። አንዱ ክፍሉ ቤት ውስጥ፣ ሌላው ውጭ የሚሰቀለው ስፕሊት ግን ሲነቀል ከሁለት ተለያይቶ ነው የሚወርደው፤ ሲተከልም እንደ አዲስ ይገጠማል።

ስለዚህ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቃቸው «ስንት ዓመቱ ነው?» እና «ማርካው ምንድን ነው?» የሚሉት ለእኔ ሁለተኛ ናቸው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማን እንደነቀለውና እንዴት እንደነቀለው ነው። ስምንት ዓመት አገልግሎ በወጉ የተነቀለ ስፕሊት፣ ሁለት ዓመት ሠርቶ በጥድፊያ ከግድግዳ ከተገነጠለው ይሻላል። ለምን እንደሆነ ለማየት ኤሲ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኤሲ የቤቱን ሙቀት አንስቶ ውጭ ነው የሚጥለው። ይህን የሚሠራው ጋዙ ነው። ውስጥ በተሰቀለው ክፍል ፈሳሹ ሲተን የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል። ውጭ ያለው ኮምፕረሰር ይጨምቀዋል፤ ሲጨመቅ በጣም ይሞቃል፣ ቬንትሌተሩም ሙቀቱን ወደ ውጭ ያራግፍለታል። ከዚያ ወደ ፈሳሽነት ተመልሶ በቀጭኗ የመዳብ ቱቦ ወደ ቤት ይገባል፤ ሥራውን ጨርሶ በወፍራሙ ቱቦ ይመለሳል። ዑደቱ ሙሉ በሙሉ ዝግ ነው። ጋዙ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም፣ በአገልግሎት ብዛትም አያልቅም። «ኤሲ በየዓመቱ ጋዝ ይሞላል» የሚለው ወሬ ሰውን ብዙ ብር አስወጥቷል። ጋዝ ከጎደለ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው፤ ቀዳዳው ሳይገኝ የሚሞላው ጋዝም ሄዶ ያልቃል። ሰጪው «ምንም አልሆነም፣ ትንሽ ጋዝ ብቻ ነው የሚፈልገው» ካላችሁ ልብ በሉ፤ የነገራችሁ ስለ ቀዳዳ ነው።

አሁን ወደ መንቀሉ እንምጣ። ዕውቀቱ ያለው ባለሙያ ስፕሊት ሲነቅል መጀመሪያ ኤሲውን ያስነሳዋል። ማቀዝቀዝ ሲጀምር ውጭኛው ክፍል ጎን ላይ ያሉትን ሁለት ቫልቮች ክዳን ይፈታና የግፊት መለኪያውን፣ ጌጁን፣ ይገጥማል። ከዚያ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ አስገብቶ የቀጭኗን ቱቦ ቫልቭ ይዘጋል። ኮምፕረሰሩ መሥራቱን አላቆመም፤ ከቤት ውስጥ ያለውን ጋዝ በወፍራሙ ቱቦ እየሳበ ወደ ራሱ ያጠራቅማል፣ መመለሻው ግን ተዘግቷል። የጌጁ መርፌ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ የኮምፕረሰሩም ድምፅ ይቀየራል። መርፌው ዜሮ አካባቢ ሲደርስ ወፍራሙን ቫልቭ ፈጠን ብሎ ይዘጋና ኤሲውን ያጠፋል። በዚህ ሰዓት ጋዙ በሙሉ ውጭኛው ክፍል ውስጥ ታሽጓል። ቱቦዎቹ የሚፈቱት ከዚያ በኋላ ነው፤ አፋቸውም ወዲያው ይደፈናል። ሥራው ብዙ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ራሳችሁ አትሞክሩት፤ በዚህ ሂደት አየር ተስቦ ከገባ ኮምፕረሰሩ ሊፈነዳ ይችላል።

ሌላው አነቃቀል ደግሞ አለ። ሰውየው መሰላል ላይ ይወጣል፣ ቁልፉን ያስገባል፣ ቱቦውን ይፈታል። «ፍስስስ» የሚል ድምፅ ለትንሽ ጊዜ ይሰማል፣ ነጭ ጭስ የሚመስል ነገር ይወጣል፣ አለቀ። ጋዙ ሄደ። የጋዙ መሄድ ብቻ ቢሆን ተሞልቶ ያልፍ ነበር። የባሰው በምትኩ የሚገባው አየርና እርጥበት ነው። ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ዘይት፣ በተለይ አር-410ኤ እና አር-32 በሚባሉት ጋዞች የሚሠራው፣ እርጥበትን ከአየር ላይ በጣም ይስባል። እርጥበቱ ከዘይቱ ጋር ሲቆይ አሲድ ይፈጥርና የሞተሩን የሽቦ ልባስ ቀስ በቀስ ይበላዋል። እንዲህ ዓይነቱ ኤሲ ተተክሎ ሊሠራ ይችላል፤ ምናልባትም አንድ በጋ ያገለግላል። ከዚያ ኮምፕረሰሩ ይቃጠላል፣ ሰውም «ሰልባጅ መግዛት ድሮም...» ይላል።

ምክሬ አጭር ነው፦ ገና ግድግዳ ላይ ያለ ስፕሊት ከሆነ እሺ ከማለታችሁ በፊት ሲሠራ እዩት፣ የሚነቅለውን ባለሙያም እናንተ አምጡ። የሚነቅለውና የሚተክለው አንድ ሰው ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው፤ ሲበላሽ «የነቀለው ሰውዬ ነው ያበላሸው» የሚል ሰበብ አይኖረውም። ቀድሞ ተነቅሎ መጋዘን የገባ ከሆነ ግን ጌጅ ያለው ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ውጭኛው ክፍል ላይ ገጥሞ ቫልቩን በጥቂቱ ሲከፍተው ግፊት ካሳየ ጋዙ አለ፣ ዝግ ሆኖም ቆይቷል። ዜሮ ካሳየና የቱቦው አፍ አቧራ ከዋጠ በነፃም ቢሆን እኔ አልወስድም።

ዊንዶው ኤሲ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ኮምፕረሰሩም ሁሉም ነገሩ አንድ ሳጥን ውስጥ ስለሆነ፣ የጋዙ ቱቦም ከፋብሪካ የተበየደ ስለሆነ፣ ሲነሳ ምንም አይፈታም። ሰክቶ ማየት ይቻላል። ጫጫታው ይረብሻል፣ መስኮት ወይም ግድግዳ መቅደድ ይጠይቃል፣ መብራትም ይበላል፤ ግን ያገለገለ ከተባለ ከስፕሊት ይልቅ እሱ ነው የሚታመነው። ሲጓጓዝ ብቻ ቀጥ ብሎ ይቁም። አጋድመው ካመጡት ዘይቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ አቁሙትና ለሰዓታት፣ ቢቻል አንድ ቀን ሙሉ፣ ሳታስነሱት ቆዩ።

ጎኑ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት

ማንኛውም ኤሲ ጎኑ ላይ ወይም ከሥሩ ቁጥሮች የታተሙባት መለያ አለችው። ፎቶ አንስታችሁ ውሰዷት፤ ከሰጪው ቃል ይልቅ እሷ ትናገራለች።

መጀመሪያ ቮልትና ኸርዝ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከጅቡቲም ከዱባይም የሚመጣው ከዚህ ጋር ይስማማል። ከሳዑዲ የሚመጣው ግን ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ከአሜሪካ በኮንቴይነር የሚመጣው ትንሹ ዊንዶው ደግሞ 115 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። «ትራንስፎርመር ይገዛለታል» ይባላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል፣ ኸርዙን ግን እንዳለ ነው የሚተወው። ለ60 የተሠራ ተራ ሞተር 50 ላይ ሲገባ ፍጥነቱ ከስድስት እጅ አንዱን ያጣል፣ ይሞቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በዚያ ላይ ኮምፕረሰር ሲነሳ ለቅጽበት ከተለመደው ብዙ እጥፍ ኃይል ስለሚስብ ትራንስፎርመሩ በጣም ትልቅ መሆን አለበት። ከሜሪላንድ ወይም ከቨርጂኒያ ጓዙን ጠቅልሎ የሚመለስ ዘመድ ካላችሁ ኤሲውን እዚያው ለሌላ ሰው ቢሰጥ ይሻለዋል።

ቀጥሎ የጋዙ ዓይነት። አር-22 ካለ ዕቃው የቆየ ነው። ይህ ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ከገበያ እየወጣ ነው። አሜሪካ ማምረትና ማስገባቱን እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ አቁማለች፤ እንደ እኛ ላሉ አገሮች የተቀመጠው ማብቂያ 2030 ነው፤ ከዚያ በኋላ ለጥገና የሚፈቀደው በጣም ጥቂት ነው። ዛሬ ቢገኝም ነገ እየተወደደ ይሄዳል። አንዳንድ ባለሙያዎች «ችግር የለም፣ ሌላ ጋዝ እሞላበታለሁ» ይላሉ። አይሆንም በሏቸው። አር-410ኤ ከአር-22 በ60 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ግፊት አለው፤ የድሮው ዕቃ ለዚያ አልተሠራም። የምግብ ማብሰያው ዓይነት ተቀጣጣይ ጋዝ የሚሞላም አይጠፋም፤ ለእሱ ባልተሠራ ዕቃና በተዘጋ መኝታ ቤት ውስጥ ይህ ከእሳት ጋር መጫወት ነው። አር-32 በአዳዲሶቹ ላይ ያለ ጋዝ ነው፤ በመጠኑ ይቀጣጠላል፤ ከእሱ ጋር የሠራ ባለሙያ እስካገኛችሁ ድረስ ግን ጥሩ ምርጫ ነው።

ሦስተኛው ማካፈል ብቻ የሚጠይቅ ሒሳብ ነው። መለያው ላይ የማቀዝቀዝ አቅሙ በቢቲዩ፣ የሚወስደው ኃይል ደግሞ በዋት ይጻፋል። ቢቲዩውን ለዋቱ አካፍሉት። ከ9 በታች ከወጣ መብራት በሊታ ነው፤ 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ለምሳሌ 12,000 ቢቲዩ ያለው የቆየ ኤሲ 1,330 ዋት ቢወስድ ውጤቱ 9 ነው። ኮምፕረሰሩ በቀን ስድስት ሰዓት ቢሠራ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በወር 240 ገደማ። ውጤቱ 13 የሆነው አዲስ ግን ለዚያው ሥራ በወር 166 ይበቃዋል፣ ኢንቨርተር (የኮምፕረሰሩን ፍጥነት እንደ ሙቀቱ የሚቀያይር) ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ልዩነቱን በቢላችሁ ላይ ባለው ዋጋ አባዙት። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ወደ ላይኛው እርከን የሚያወጣ መሆኑን አትርሱ፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህም በየጊዜው ከፍ እያለ ነው። በዓመት ሁለት ወር ብቻ ለሚያስነሳው ሰው ልዩነቱ ያን ያህል ላይጎዳው ይችላል። ከመጋቢት እስከ መስከረም ሌሊቱን ሙሉ ለሚያሠራው ግን የነፃው ኤሲ ነፃ አይደለም።

ኢንቨርተር ወይስ ተራው? አዲስ ለሚገዛ ሰው መልሱ ኢንቨርተር ነው፤ ያገለገለ ለሚቀበል ግን አላውቅም ብሎ ማመንታት ይገባል። ኢንቨርተሩ መብራት ይቆጥባል፣ ሲነሳም አያንገጫግጭም። ነገር ግን ሁሉም ነገሩ በኤሌክትሮኒክ ቦርድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቮልቱ ይዘላል፣ ቦርዱም ያንን አይወድም። የዚያ ሞዴል ቦርድ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም፤ ካልተገኘ ደህናው ኮምፕረሰር የቁራሌው ሲሳይ ይሆናል። ተራው ኤሲ ከተበላሸ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ነው፤ እሱ ርካሽ ነው፣ ከተማ ውስጥም ይገኛል። መብራት በሚዘላበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ያገለገለ ከሆነ ተራውን ከጥሩ ስታብላይዘር ጋር እመርጥለታለሁ፤ ቢሉ ላይ የሚጨምረውን እያወቅኩ።

ሲሠራ ምን እናያለን?

ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ አሠሩት፣ ቅዝቃዜውን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ወደ ማሽኑ የሚገባውንና ከእሱ የሚወጣውን አየር በቴርሞሜትር ለኩ፤ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ልዩነት ካለ ጤነኛ ነው። ከዚያ ውጭ ውጡና ሁለቱን ቱቦዎች በቫልቮቹ አጠገብ ንኩ። ወፍራሙ ቀዝቅዞ ሊያልበው ይገባል። ቀጭኑ ላይ በረዶ ከጋገረ ጋዝ ጎድሏል። መጋጠሚያዎቹ ላይ ቅባት የያዘ ጥቁር አቧራ ካያችሁ እዚያ ያፈሳል፤ ጋዝ ሲወጣ ዘይቱን ይዞ ነውና የሚወጣው። ባለሙያው ክላምፕ ሜትር ካለው የሚስበውን አምፔር ከመለያው ጋር ያስተያይ፤ ከተጻፈው በጣም ካለፈ ኮምፕረሰሩ ደክሟል።

ከዚያ የውጭኛውን ክፍል የአሉሚኒየም ክንፎች በጥፍራችሁ ነካ አድርጉ። አቧራ ብቻ ከሆነ በውኃ ይታጠባል። እንደ ዱቄት ከተፈረፈረ ግን የባሕር ጨው በልቶታል። ከጅቡቲና ከጂዳ የሚመጡ ኤሲዎች ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ከፊት ለፊት ቀለም የተቀባ፣ ከኋላ ግን ያለቀ ዕቃ ብዙ አለ። ዞራችሁ ከኋላ እዩት። የውስጡን ክፍል ደግሞ ክዳኑን ከፍታችሁ የሚሽከረከረውን ቬንትሌተር በስልክ መብራት ተመልከቱ። ጥቁር ሻጋታ ከያዘ ተፈቶ መታጠብ አለበት፤ አለበለዚያ አስም ያለበት ልጅ ያላችሁ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ የምታስተነፍሱት እሱን ነው።

ቤታችሁ ይችለዋል ወይ?

ይህ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። 12,000 ቢቲዩ ያለው ተራ ኤሲ ሲሠራ ስድስት አምፔር አካባቢ ይወስዳል፤ ሲነሳ ግን ከአራት እስከ ስድስት እጥፍ ይዘላል። በቀጭን ሽቦ ከአምፖል መስመር ላይ ቀጥሎ መሰካት ሽቦውን ማቃጠል ነው። ከቆጣሪው ራሱን ችሎ የሚመጣ ቢያንስ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል፤ መሬት የገባ መስመርም እንዲሁ። ተከራይ ከሆናችሁ ግድግዳ ከመቅደዳችሁ በፊት አከራዩን አስፈቅዱ። የጋራ ቆጣሪ ካለ ደግሞ የቢሉን ነገር ከጎረቤት ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ከሰኔው ሙቀት የባሰ ጠብ የሚመጣው ከዚያ ነው።

የክፍሉም ነገር አለ። 15 ካሬ ሜትር ለሆነ መኝታ ቤት በእንደ ድሬ ባለ ሙቀት 9,000 ቢቲዩ ይበቃል፣ ኮርኒስ ካለው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ከሆነ ግን 18,000ም ቢሰቀል ቀኑን ሙሉ ከጣሪያው ጋር ሲታገል ይውላል። በዚህ ሁኔታ የኤሲውን ማስተከያ ብር ለኮርኒስ ብታደርጉት ይሻላል ባይ ነኝ። ከዚራ ሰፈር ያሉት የባቡሩ ዘመን ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ድሬዳዋ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ሙቀት ስለሆነ በውኃ የሚሠራው ማቀዝቀዣ እዚህ ያዋጣል። የሚወስደው መብራት ከቬንትሌተር ብዙም አይርቅም፣ ጋዝም የለው፣ ኮምፕረሰርም የለው። እሱን ስታሠሩ መስኮት መከፈት አለበት። የከተማው ውኃ ግን ኖራው የበዛ ስለሆነ ውኃ የሚወርድበትን መጋረጃ ቶሎ ቶሎ ማጠብ ግድ ነው። ክረምት ላይ አየሩ እርጥበት ሲይዝ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ጋምቤላ ለሚኖር ሰውማ በዝናቡ ወራት ከንቱ ነው። አዲስ አበባ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ኤሲ የሚቀበል ሰው ደግሞ መጀመሪያ መስኮቱን ከፍቶ ይሞክር።

እንግዲህ ሁሉንም አይታችሁ ልትቀበሉት ካሰባችሁ፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት አንዱን ባለሙያ ማስነቀያውን፣ ማጓጓዣውን፣ አዲስ የመዳብ ቱቦውን፣ ጋዙን፣ የውስጥ መስመሩንና ብሬከሩን ጨምሮ በአንድ ላይ ስንት እንደሚያስወጣ ጠይቁት። ሲተክልም ቱቦውን አየሩንና እርጥበቱን መጥጦ በሚያወጣ ቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ እንዲያጸዳው ቀድማችሁ ተስማሙ። ፓምፕ የለኝም የሚል ከሆነ ሌላ ፈልጉ፤ በጋዝ ገፋ አድርጎ አየሩን ማስወጣት ቫኪዩምን አይተካም። ድምሩ ከአዲስ ኤሲ ዋጋ ግማሽ ካለፈ እኔ አዲሱን ለመግዛት ማጠራቀም እጀምራለሁ።

ከባዱ አንዳንዴ ሒሳቡ ሳይሆን ይሉኝታው ነው። የአክስት ባል «ለልጆቹ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት» ሲል አልፈልግም ማለት ይከብዳል። እዚህ ላይ የቤቱ ሽቦ ጥሩ መሸሸጊያ ነው፤ «ጋሼ፣ ኤሌክትሪሺያኑ መስመሩ አይችለውም አለኝ» ብትሉት ማንም አይቀየምም፣ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ዕቃውን ለፍሪጅና ለኤሲ ጠጋኝ ቢሸጠው መዳቡም፣ ሞተሩም፣ ካፓሲተሩም ዋጋ ያወጣሉ። ከመነቀሉ በፊት ግን ጋዙ በወጉ እንዲሰበሰብ ንገሩት። አንድ ኪሎ አር-410ኤ አየር ላይ ሲለቀቅ የአየር ንብረትን የሚጎዳው ከ2,000 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጎዳውን ያህል ነው፤ በሁለት ቫልቭና በጥቂት ደቂቃ ሥራ የሚቀር ነገር።